የጋሽ ብሎን የጫጉላ ምሳ

በመናፈሻው የሚሠሩ ሁሉ ጋሽ ብሎን ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት የበሩ ትኬት ቆራጭ ናት። አንድ ቀን ላቡን ሊጠርግ መሐረቡን ከኪሱ ሲስብ ሰባት ብሎን፣ ሁለት ዳዶና አንድ የተጣመመ ሚስማር አብረው ወጥተው መስኮቷ ደፍ ላይ ተንከባለሉ። «ጋሼ፣ እናትዎ እርስዎን ሲያረግዙ ብረት ነበር እንዴ ያማራቸው?» አለችው። ከዚያ ወዲህ ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያው ብቻ ሆነ።

ጋሽ ብሎን ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚህ ውስጥ ሃያ ስድስቱን ያሳለፈው በመዝናኛ መናፈሻው የጥገና ክፍል ነው። ክፍሉ ከእንጨት ፈረሶቹ መሽከርከሪያ ጀርባ ያለች፣ ግራሶ ግራሶ የምትሸት ጠባብ ቤት ናት። ግድግዳዋ ላይ እያንዳንዱ ካቻቢቴ፣ እያንዳንዱ ፒንሳ የሚሰቀልበት ቦታ በዕቃው ቅርጽ በጥቁር ቀለም ተስሏል። አንዱ ዕቃ ሳይመለስ ከዋለ ጥላው ለብቻው ግድግዳው ላይ ቀርቶ ሰው ይወቅሳል። ጠዋት በሩ ለሕዝብ ሳይከፈት ጋሽ ብሎን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ግቢውን ይዞራል። የሚያውቀው ግን አይቶ አይደለም፤ ሰምቶ ነው። ሰው አሳፍሮ ሽቅብ የሚዞረው ትልቁ ጎማ አንዴ ሲዞር አዳምጦ «የግራው ኩሽኔታ ደርቋል፤ ሐሙስን አያልፍም» ካለ፣ ሐሙስን አያልፍም። ከእንጨት ፈረሶቹ ነጩ ሲወጣና ሲወርድ ለማንም የማይሰማ ማቃሰት ያቃስታል። ጋሽ ብሎን ግን ከአጥሩ ማዶ ሰምቶት ይመጣና፣ «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» እያለ ሆዱ ሥር ገብቶ ይቀባዋል።

እንዲህ ዓይነት ጆሮ ለማሽን በረከት ነው። አብረውት ገበታ ለሚቀርቡ ግን መከራ ነው። አንድ እሑድ እትዬ ከሚላት ከታላቅ እህቱ ቤት ምሳ ተቀምጦ ሳለ፣ ሁለቴ እንደጎረሰ «መጣሁ» ብሎ ተነሣ። የጓዳው ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል። ቧንቧውን ሲፈታ ከሥሩ ያለው መዝጊያ ላልቶ አገኘው፤ መዝጊያውን ሊያጠብቅ ሲል የሣጥኑ በር አላስገባ አለው፤ በሩን ሲነቅለው ደግሞ ማጠፊያው ዝጓል። ሁሉንም ጨርሶ እጁን ታጥቦ ወደ ገበታው ሲመለስ፣ ገበታው የእራት ነበር።

«አንተ ልጅ፣» አለችው እትዬ፣ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይላሉ። አንተ የራስህ ቆብ አልበቃ ብሎህ የሰው ቆብ ነው የምትቀደው።»

ሙሽራዋን ያገኛትም በዚሁ በጆሮው ነው። የመናፈሻው ትንሽ ባቡር መቀመጫዎች እየተንኳኩ አላስተኛ ስላሉት፣ ከሥራቸው የሚያነጥፈው ወፍራም ጨርቅ ፍለጋ አንድ የመጋረጃ ስፌት ሱቅ ገባ። ሱቁን የያዘችው ሴት አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አግብታ አታውቅም። ደረቷ ላይ ሁልጊዜ ሦስት መርፌ ተሰክቷል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ ክር ያለው። የጨርቁን ጫፍ በእግር ስፌት መኪናዋ እየዘመዘመችለት ሳለ ጋሽ ብሎን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየና፣

«ቀበቶው አርጅቷል» አለ።

«የቱ ቀበቶ? መኪናዬ እኮ ደህና ነው።»

«ደህና ነው። ግን ያነክሳል።»

በማግስቱ አዲስ ቀበቶ ይዞ መጣ። በሌላው ቀን የሱቁ በር አቃሰተበትና ለበሩ መጣ። ከዚያ መደርደሪያው፣ ከዚያ አምፖሉ፣ ከዚያ የማይገጥመው ትልቁ መቀስ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ሱቁ ውስጥ የሚጠገን ነገር አለቀ። ጋሽ ብሎን መካከል ላይ ቆሞ ዙሪያውን ቢያዳምጥ የሚላላም፣ የሚንኳኳም የለም። ነገ በምን ሰበብ እንደሚመጣ ሲጨንቀው ጊዜ፣ አግቢኝ አላት።

«ላስብበት» አለችው። በሩ ላይ ሲደርስ ደግሞ ጠራችው። «መቀሴን ይዘውብኝ እየሄዱ ነው።»

እውነትም በድንጋጤ መቀሱን ኪሱ ከትቶታል።

ሦስት ቀን አሰበችበት። በአራተኛው ቀን ወንበር አቀረበችለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አባቴ ሹፌር ነበር» አለች። «ገበታ ቀርቦ ሁለቴ ሳይጎርስ ጎማው ትዝ ይለዋል። ጎማው ካልሆነ ዘይቱ፣ ዘይቱ ካልሆነ የዘጋው መስሎት ያልዘጋው በር። እናቴ ሳህኑን ትከድንለታለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከደነች። እኛ ልጆቹ አባታችንን የምናውቀው በክዳኑ ነው፤ ሰማያዊ፣ ጠርዙ ትንሽ የተሸረፈ። እሱ ሲሞት እንኳ እናቴ እንባዋ የመጣው ክዳኑን ስታጥብ ነው።»

ጋሽ ብሎን ኪሱ ውስጥ ያገኘውን ዳዶ በጣቶቹ አሽከረከረ።

«ይኸውልህ፣» አለች። ከእርስዎ ወደ አንተ የተሻገረችው እዚህች ላይ ነው፤ እሱም ልብ ብሏል። «ዕድሜ ልክህን ተቀመጥልኝ አልልህም። አንድ ምሳ ብቻ። የጫጉላችንን ምሳ ከሾርባው እስከ ኬኩ ድረስ ሳትነሣ ከእኔ ጋር ብላ። እሱን ከቻልክ ሌላውን እኔ እችለዋለሁ። ካልቻልክም አልፈታህም፤ ልጅ አይደለሁም። ግን ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳህን አላቀርብም። አንተም በሰዓትህ፣ እኔም በሰዓቴ። እኔ ክዳን አልገዛም።»

«እቀመጣለሁ» አለ ጋሽ ብሎን።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ተባለ፣ ተሰማ፣ አለቀ።

የምሳው ቦታ ጉዳይ እንኳ ብዙ የሚያከራክር አልነበረም። መናፈሻው ከሠራተኞቹ አንዱ ሲያገባ ወርቃማ ልብ የታተመበት የጥንዶች ምሳ ካርድ ይሰጣል። ካርዱ ግቢው ውስጥ ካሉት ሦስት ምግብ ቤቶች በአንዱ፣ ከሠርጉ በኋላ ባለው ሳምንት ብቻ ይሠራል። ጋሽ ብሎን፣ ዳቦ ጋጋሪን ለጫጉላው ዳቦ ቤት መውሰድ እንዳይሆን ሰግቶ፣ «ሌላ ቦታ ብንሄድስ?» ብሎ ሞክሮ ነበር። ሙሽራዋ ግን ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ፣

«አሥራ አንድ ዓመት በአውቶቡስ በዚያ በር አልፌያለሁ» አለች። «ከመንገድ የሚታየው የግንቡ ጫፍ ብቻ ነው። ለብቻ የሚገባበት ቦታ አይደለም፤ ገብቼ አላውቅም። አንተ ውስጡን ታውቀዋለህ፤ ከሦስቱ ምንም የማይጎድለውን ምረጥልን።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች እትዬ ይህን ስትሰማ። «ምንም የማይጎድለውን ቦታ ለእሱ? አይ ልጄ! ገነትም ብታስገቢው ማጠፊያውን ነው የሚያየው።»

መረጣው ተጀመረ። ፍቅረኞች ምግብ ቤት ሲመርጡ አበባውን፣ ብርሃኑን፣ ከመስኮት የሚታየውን ያያሉ። ጋሽ ብሎን ዓይኑን ጨፍኖ መረጠ።

መጀመሪያ ደመና ቤት ወጣ። ደመና ቤት ማማው ጫፍ ላይ ያለች፣ ቀስ እያለች የምትዞር ክብ ምግብ ቤት ናት። ጥንዶች እዚያ ተቀምጠው ከተማው በእግራቸው ሥር ሲንሸራሸር እያዩ «በረርን እኮ!» ይባባላሉ። ጋሽ ብሎን እንደሚያውቀው ግን ደመናዋን የሚያዞራት ጥርሱ የተበላ አንድ ሽማግሌ ሞተር ነው። አንድ ዙር አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ ዙሩ ሲያልቅ ቋ ይላል። ለሌላው ሰው አይሰማም። ጋሽ ብሎን ግን ሠላሳ ዘጠኙን ደቂቃ የሚያሳልፈው «ቋ» እስኪል እየጠበቀ ነው። ሲወርድ ትኬት ቆራጯ ከመስኮቷ፣ «ምነው ጋሼ? ላም አለኝ በሰማይ ሆነብዎ?» ብላ ሳቀችበት።

ሁለተኛው ሐይቁ ላይ ያለው ጀልባ ነው። ሐይቁ ጉልበት አይደርስም፤ ጀልባው የቆመው ውሃው ሥር ባለ ሐዲድ ላይ ነው፤ ነጫጮቹ ዳክዬዎችም በሰንሰለት የሚጎተቱ ፕላስቲክ ናቸው። ይህ ሁሉ እሱን አላስጨነቀውም። ያስጨነቀው ከታች የሚያጓራው ፓምፕ ነው። አምና የፓምፑ ጎማ ሲበጠስ መለዋወጫ ጠፍቶ፣ ከገዛ ቦት ጫማው ቆርጦ የገጠመለት እሱ ራሱ ነው። ሰው በጫጉላው ምሳ ላይ የጫማውን ድምፅ እየሰማ ሾርባ ይጠጣል?

ቀረ ግንቡ። ግንቡ ከውጭ ድንጋይ ነው፤ እጅ ሲነካው ግን ቀለም የተቀባ ጣውላና ስፖንጅ ነው። ውስጡ በቀትርም ቢሆን ማታ ነው፤ ከጣራ እስከ መሬት የወረደ ቀይ የከፈይ መጋረጃ ፀሐይዋን አላስገባም ይላል። ጠረጴዛዎቹ ላይ የኤሌክትሪክ ሻማ ይብለጨለጫል። ጋሽ ብሎን መሐል ላይ ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ። ጨርቅ ድምፅ ይበላል። ከሦስቱ ዝም የሚል ይህ ነው።

የግንቡ ዋና አስተናጋጅ የዘብ ልብስ ለብሶ፣ የቆርቆሮ ቁር ደፍቶ ነው የሚሠራው። ቀረብ አለና፣

«ጋሽ ብሎን፣ ምን ተበላሸ?» አለ።

«ምንም። ጠረጴዛ ልመርጥ ነው።»

«ለመጠገን?»

«ለመብላት።»

አስተናጋጁ ቁሩን ከግንባሩ ወደ ላይ ገፋ አደረገ። «እርስዎ? ተቀምጠው?»

ጋሽ ብሎን በመንገዱ በኩል ካለው መስኮት አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ መረጠ። አሁንማ የቀረው መብላት ብቻ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን። እሱ ግን ወንበሩ ላይ አንዴ ለሙከራ ተቀመጠና አዳመጠ። የወንበሩ የኋላ ግራ እግር አጭር ነው። ሦስተኛው ሻማ ከሌሎቹ እኩል አይብለጨለጭም። የማድ ቤቱ በር ተመልሶ ሲዘጋ ይተነፍሳል። ነፋስ የሚነፋው ማሽን ውስጥ አንድ ቅጠል ገብቶ ይንጫጫል። ምንም የማይጎድለው ቦታ እንደሌለ ገባው። ስለዚህ ሊሠራው ቆረጠ።

ከሠርጉ በፊት ባሉት ስድስት ጠዋቶች ግንቡ ሳይከፈት ይገባ ነበር። የሁለቱን ወንበሮች እግር አስተካከለ፤ የሌሎቹን ተወው፣ የሚቀመጡት በሁለቱ ላይ ነው። አሥራ አንድ ሻማ ለወጠ። የበሩን ትንፋሽ በግራሶ አስቆመ፤ ቅጠሏንም በወስፌ አወጣት። ስድስተኛው ጠዋት ላይ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ጠረጴዛቸው አጠገብ ያለው መጋረጃ በአንድ በኩል ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ነፋሱ በነፋ ቁጥር መሬቱን ሸር… ሸር… ያደርጋል። ጋሽ ብሎን ከጽሕፈት ቤቱ ትልቁን ስቴፕለር ተውሶ መጣ። የመጋረጃውን ጫፍ ወደ ላይ አጠፈና አሥራ ሁለት ጊዜ መታው። ሸር ማለቱ ቆመ። ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ሥራውን አየ፤ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ጨርቅ እኮ ለስላሳ ቆርቆሮ ማለት ነው ብሎ አሰበ፤ ሰዎች ያካብዱታል እንጂ።

ሠርጉ ቅዳሜ ሆነ። ፈረሙ፣ እትዬ ቤት ሻይና ኬክ ተበላ፤ ሙሽራው የተነሣው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ለደጁ ደወል። ማክሰኞ ቀትር ላይ ለምሳው ሲነሡ እትዬ ወንድሟን በር ላይ አቆመችው።

«ኪስህን።»

«እትዬ፣ ሙሽራ እኮ ነኝ!»

«ኪስህን አልኩህ።»

ከኮቱ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳና የተጠቀለለ ሽቦ ወጣ።

«ካልሲህን።»

«ኧረ በእናትሽ!»

ከግራው ካልሲ የስምንት ቁጥር ቁልፍ ወጣ። ሙሽራዋ አፏን በእጇ ይዛ ግድግዳ ግድግዳውን አየች። እሷም ብትሆን ለዕለቱ ክብር ብላ መርፌዎቿን ከደረቷ ነቅላለች፤ የት እንዳደረገቻቸው ግን እትዬ አልጠየቀችም።

በሩ ላይ ትኬት ቆራጯ ብድግ ብላ፣ «ጋሼ፣ ዛሬስ በዋናው በር ይገባሉ! እስከ ዛሬ በጓሮ በር ሲገቡ እኮ ሌባ ነበር የሚመስሉት» ብላ ለሁለቱም ትኬት ቆረጠች። ሙሽራዋ ትኬቷን ቦርሳዋ ውስጥ ሳይሆን መዳፏ ውስጥ ይዛ ገባች።

ግንቡ ውስጥ ሌሎች ሦስት ጥንዶች ነበሩ። አስተናጋጁ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፤ ወንበሩ አልተንገዳገደም። ሾርባ መጣ። ጋሽ ብሎን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አዳመጠ። ሻማዎቹ እኩል ይብለጨለጫሉ። በሩ አይተነፍስም። ምንም የለም። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቶ ስለማያውቅ ላብ ላብ አለው። የሚያዳምጠው ሲያጣ ጊዜ ጆሮው ፊት ለፊቱ ወዳለችው ሴት ዞረ። ሾርባዋን ስትነፋ አፍንጫዋ በጣም ቀጭን ፉጨት ያፏጫል። ሲጣፍጣት ደግሞ ሳታውቀው እህምም ትላለች። ሦስት ወር ሙሉ ሱቋ ሲመላለስ ይህን አልሰማም ነበር፤ ምክንያቱም ሁሌ አንድ ነገር ይንኳኳ ነበር። ሊነግራት ፈለገ፤ እንዴት እንደሚባል አላወቀበትም።

እህምም ማለቷን አቆመች። በትከሻው ላይ አሻግራ ታያለች።

«ምነው?» አላት።

«ምንም።» አንድ ማንኪያ ጠጣች። «ያ መጋረጃ…»

«እ?»

«ምንም አልኩህ። ብላ።» ሌላ ማንኪያ። «ጠርዙ ያበራል።»

«ሻማው ይሆናል።»

«ሻማ በመደዳ አያበራም።»

ከወንበሯ ሳትነሣ እጇን ዘርግታ የመጋረጃውን ጫፍ ሳብ አደረገችና በጣቷ ዳበሰች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ትቆጥራለች።

«አሥራ ሁለት! በስቴፕለር! የየትኛው አህያ ሥራ ነው? ከፈይ በስቴፕለር?»

አጠገባቸው የቆመው አስተናጋጅ ጣራውን እያየ፣ «እንግዲህ… የጥገና ክፍሉ ይሆናል፣ እመቤቴ» አለ።

«የጥገና ክፍሉ ስንት ሰው ነው?»

አስተናጋጁ የቆርቆሮ ቁሩን አስተካከለ።

«አንድ» አለ ጋሽ ብሎን።

ሙሽራዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አንተ?»

«መሬት እየላሰ ይጮህ ነበር። ዛሬ እንዳይጮህ ብዬ ነው።»

«ዛሬ እንዳይጮህ?»

«እንዳያስነሣኝ።»

«ሌላስ ምን ነክተሃል?»

«ወንበሮቹን። ሻማውን ትንሽ። በሩን።»

«ስድስት ጠዋት» አለ አስተናጋጁ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሙሽራዋ ልትስቅ ነው ልትቆጣ ነው የማይለይ ፊት አሳየች። «ምንም የማይጎድለውን ምረጥ ብልህ፣ ሄደህ ሠራኸው?»

«ከሦስቱ ትንሽ የሚቀረው ይኼ ነበር።»

ለመተው ሞከረች። እውነቱን ለመናገር በጣም ሞከረች። ፊቷን ወደ ሾርባው አዞረች፣ ጀርባዋን አቀናች፣ ሁለት ማንኪያ ጠጣች። ከዚያ ዓይኗ በገዛ ፈቃዱ ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ መጋረጃው ራስ።

«ይኸው! ሁለት መንጠቆ ወጥቷል!» አለች። «አንተ ባለ ጆሮ! የሚጮኸው ከታች ነው፤ በሽታው ያለው ከላይ ነው። ትልቁን ጎማም እንዲህ ነው የምትጠግነው?»

ይህ ጋሽ ብሎንን ከስቴፕለሩ በላይ አሳፈረው፤ እውነት ነበርና።

«አልቻልኩም!» አለችና ሙሽራዋ ከወንበሯ ተነሣች።

ተንበርክካ የስቴፕለሩን ሽቦ በጥፍሯ ሞከረች፤ እምቢ አላት። «ፒንሳ ስጠኝ።»

«የለኝም። እትዬ ወስዳብኛለች።»

«ከሁሉ ቀን ዛሬ ባዶ እጅህን ትመጣለህ?»

የዓሣ ሹካዋን አንሥታ አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ ነቀለቻቸውና የሲጋራ መተርኮሻው ላይ ደረደረቻቸው። ከቦርሳዋ ሽፋን ውስጥ ባለቀይ ክሩ መርፌ ወጣ፤ ስቴፕለሩ የቀደዳትን ጥግ በአራት ስፌት ያዘቻት። ከዚያ ከጎናቸው ካለው ባዶ ጠረጴዛ ወንበር ጎትታ ወጣችበት። ያ ወንበር ጋሽ ብሎን ካስተካከላቸው ከሁለቱ አልነበረም። ቋ አለ። ወደዚያ ዘንበል ስትል ቋ፣ ወደዚህ ዘንበል ስትል ቋ። ጋሽ ብሎን ሁለቱንም እጁን ጠረጴዛው ላይ ጭኖ ጨበጠ።

«ያዝልኝ እንጂ!» አለች ከላይ።

«አልነሣም።»

«ሰውዬ፣ ልወድቅ ነው!»

«ቃል ሰጥቻለሁ። ከሾርባው እስከ ኬኩ።»

«ታዲያ ስወድቅ ተቀምጠህ ልታየኝ ነው?»

ጋሽ ብሎን መቀመጫው ላይ ወደ ታች ተንሸራተተ። ደረቱ ጠረጴዛው ሥር ገባ፤ አገጩ ከጠረጴዛው ልብስ እኩል ሆነ። ቀኝ እግሩን እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ዘረጋና የወንበሯን እግር በጫማው ረግጦ ያዘው። ቋ ማለቱ ቆመ።

«ያዝኩት» አለ።

«በምንህ?»

«በእግሬ።»

ወደ ታች ዞራ አየችውና በሳቅ ልትወድቅ ደረሰች።

መንጠቆውን ለማስገባት መጋረጃውን መግለጥ ነበረባት። ስትገልጠው የቀትር ፀሐይ እንደ ጎርፍ ገባ። የድንጋዩ ግድግዳ ጥግ ጥጉ ላይ ቢጫ ስፖንጅ ሆኖ ታየ። ከጥንዶቹ አንዱ ባል ምን እየበላ እንደነበር ገና አሁን አይቶ ሹካውን አስቀመጠ። አስተናጋጁ በቆርቆሮ ቁሩ እየተንቋቋ ሮጦ መጣ።

«እመቤቴ፣ ማታው! ማታው እየወጣብን ነው!»

በዚያች ሰዓት ከመስኮቱ ውጭ አውቶቡሱ አለፈ፤ እሷ የምትሳፈርበት መስመር ነው። ዳር የተቀመጠች አንዲት ሴት ግንብ ውስጥ ወንበር ላይ የቆመች ሙሽራ አይታ አንገቷን እስኪበቃት አዞረች። መጋረጃ ሰፊዋ በጥርሷ መንጠቆ ነክሳ ስለነበር ፈገግ ማለት አልቻለችም፤ የዓሣ ሹካውን አወዛወዘችላት።

ሁለቱ መንጠቆዎች ገቡ። መጋረጃው ተመለሰ፤ ማታው ተዘጋ። ጫፉ መሬቱን ሳይነካ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አንድም ድምፅ የለም። ሙሽራዋ ወርዳ እጇን በመሐረብ ጠርጋ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ማንኪያዋን ስትፈልግ ሾርባዋ የለም። በሾርባው ሳህን ላይ የዳቦው ሳህን ተደፍቶበታል።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«እንዳይቀዘቅዝብሽ ብዬ» አለ ጋሽ ብሎን። የራሱን አልነካውም።

የሳህኑን ጠርዝ ያዘችና ሳታነሣው ቆየች። ሻማው እኩል ይብለጨለጫል።

«እኔ ነኝ እኮ የተነሣሁት» አለች በመጨረሻ።

«ነሽ።»

«አንተ አልተነሣህም።»

«አልተነሣሁም። እግሬ ብቻ ነው የሄደው።»

ክዳኑን አነሣች። ሾርባው ለብ ብሏል። ጠጣችው፤ አንድ ሁለቴ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ትንሽ ቆይታ እህምም አለች። ጋሽ ብሎን ሰማ። «ሲጣፍጥሽ እህምም ትያለሽ» አላት። «እኔ?» አለች። «አንቺ። ስትነፊ ደግሞ ታፏጫለሽ።» «እሱንም ልትጠግነው ነው?» አለችው። «ኧረ ተይው፤ ደህና ነው» አለ።

ዓሣው መጣ፤ ኬኩ መጣ። ኬኩን ሲበሉ ያቺን ወንበር አስተናጋጁ ወደ ቦታዋ መልሷት ሌላ ሰው ተቀመጠባት፤ ቋ፣ ቋ ትል ጀመር። የጋሽ ብሎን አንገት ጅማት ወጣ። ዓይኑን ጨፍኖ ሁለተኛ ቁራሽ ኬክ ጎረሰ። የመጨረሻዋን ፍርፋሪ በጣቱ ለቅሞ እስኪጨርስ ድረስ አልተነሣም። ይህን ያዩት ሙሽራዋና አስተናጋጁ ናቸው፤ ትኬት ቆራጯም ስትሰማ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብላለች።

ቃሉን እንግዲህ ጠብቋል፤ አንድ ምሳ ነበር የተባለው፣ አንድ ምሳ ተቀመጠ። በሚቀጥለው እሑድ አዲሱ ቤታቸው ውስጥ ገበታ ቀርቦ ሳለ እሱ የመስኮቱን መወርወሪያ ሊያይ ተነሣ፤ እሷም «አንተ ከተነሣህ» ብላ፣ በጎረቤት መስኮት ላይ የምታየውንና ሦስት ቀን ያናደዳትን ጠማማ መጋረጃ ልታቀና ወጣች። ምሳው ለብቻው ተቀምጦ ቀዘቀዘ። ሰኞ ዕለት መጋረጃ ሰፊዋ ገበያ ሄዳ ሁለት ክዳን ገዛች፤ አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀለም። ሻጩ ሊጠቀልልላት ወረቀት እየቀደደ፣

«ለድስት ነው፣ እናቴ?» አላት።

«ለሰው ነው» አለችው።